ጅቡቲን በጭነት ወረቀት ብቻ ማወቅ ይብቃን

የመክፈቻ ጽሑፍ

ባለፈው እሑድ አንድ ወዳጄ ልጁ ጅቡቲ ሥራ ማግኘቱን ሲነግረን ቡና ላይ የነበረው ሰው ሁሉ እንደ መርዶ ተቀበለው። አንዱ ሙቀቱን አነሳ፣ ሌላው የኑሮ ውድነቱን፤ አንዷ እንዲያውም «እዚያ ደግሞ ምን አለና?» አለች። ሦስት ዓመት ተኩል እዚያ ኖሬ የተመለስኩት እኔ ሲኒዬን ይዤ ዝም። ቤቴ ከገባሁ በኋላ ነው ዝምታዬ የቆጨኝ። እዚያ ያላልኩትን እዚህ ልበለው፦ በዙሪያችን ካሉ ከተሞች ውስጥ እንደ ጅቡቲ ያለ ዋጋዋ የተናቀች ከተማ የለችም። ያልተስማማ ይሞግተኝ።

እኛ ጅቡቲን የምናውቃት በኮንቴይነር ቁጥር፣ በዲመሬጅ (ዕቃ ወደብ ላይ ሲቆይ በሚመጣ ቅጣት) ሂሳብና «ዕቃው ገና ወደብ ላይ ነው» በሚል የስልክ መልስ ነው። እኔም የሄድኩት በዚሁ በኩል ነው፤ ትራንዚተር ሆኜ፣ የሰው ዕቃ ከወደብ እያስለቀቅኩ። መጀመሪያ ሁለት ወር ከቢሮ ዶራሌ ወደብ፣ ከዶራሌ ቤት። ከተማዋን ያየሁት የክፍሌ ኤሲ የተበላሸ ቀን ነው። ወበቁ አላስቀምጥ ሲለኝ አመሻሽ ላይ ወጣሁና ምኒልክ አደባባይ ደረስኩ። ነጭ የተቀቡ፣ ከሥር ቅስት ቅስት በረንዳ ያላቸው ቤቶች፤ በረንዳው ሥር ሻይ የያዙ ሽማግሌዎች፤ ከባሕሩ በኩል ትንሽ ነፋስ። ቀን ሙት ከተማ ያልኳት ቦታ በሌሊት ነው ለካ የምትኖረው።

ሰዓቷ የራሷ ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ሥራ ይጀመራል፤ ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ሲሆን ሱቁ ሁሉ መዝጊያውን ያወርዳል። 7 ሰዓት ገደማ ከአወዳይ የተነሳው ጫት ይገባል፤ ያኔ ጥሩንባ ነው፣ ሩጫ ነው፣ በየመንገዱ ጠረጴዛ ዘርግተው እርጥብ ጨርቅ ያለበሱት ሻጮች እጅ አይበቃቸውም። ከዚያ ፀጥ። 10 ሰዓት ላይ ከተማው ሁለተኛ ቀኑን ይጀምራል። አንድ ቀን ውስጥ ሁለት ቀን የሚኖር ሕዝብ ሌላ የት አለ?

ቋንቋውማ! አንድ ሱቅ ውስጥ ባለሱቁ ከደንበኛው በሶማልኛ፣ ከአስመጪው በዓረብኛ፣ ከመንግሥት ሰው በፈረንሳይኛ ይነጋገራል፤ የአፋር ወዳጁ ሲመጣ አፋርኛውን ያወጣል፣ እኔን ሲያይ በአማርኛ «እንዴት ነህ፣ ወንድሜ?» ይለኛል። በእኛ በኩል ደግሞ ለገሃርን ለገሃር (ከፈረንሳይኛው «ላ ጋር»፣ ባቡር ጣቢያ) ብለን የቀረነው በጅቡቲው ባቡር ምክንያት ነው። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ ድሬዳዋን ወልዶ በ1909 አዲስ አበባ ገባ። ጅቡቲና አዲስ አበባ የዕድሜ እኩዮች ናቸው፤ በአንድ ገመድ የታሰሩ ሁለት ልጆች። አንዱን ሸገር ብለን ዘፈንለት፣ ሌላውን ወደብ ብለን ተውነው።

እስቲ የምታውቋት ተናገሩ።

ከዚህ በታች በመድረኩ ላይ የመጡትን መልሶች በተራ ቁጥራቸው በራሴ አፍ ነው የምተርከው። የሰው ቃል እንዳለ መገልበጥ አልወድም፤ ደግሞ የአንዳንዱ ቃል ባይገለበጥ ይሻላል።

መልስ 1

የድሬዳዋ ልጅ ናት። በጣም በትሕትና ጀመረች፤ አባቷ የምድር ባቡር ሠራተኛ እንደነበሩ፣ ከጅቡቲ ሲመለሱ ቤቱ የሽቶና የአዲስ ጨርቅ ሽታ ይሸት እንደነበር ጻፈች። አባቷ በፈረንሳይኛ ይቆጡ ነበር አሉ፣ በኦሮምኛ ያባብሉ ነበር። መጨረሻው ላይ ግን ጥፍሯን አወጣች፦ ጅቡቲ ላይ ያደነቅኩት ሁሉ፣ የቀን እንቅልፉም፣ የሌሊት ጨዋታውም፣ የቋንቋው ቅልቅልም፣ ድሬ ላይ ያለ ነው፤ ያውም ያለዚያ ሁሉ ላብ። ለመከራከር ሞከርኩና ተውኩት። የድሬ ልጅ ስለ ድሬ ስትናገር ማን አሸንፏት ያውቃል?

መልስ 2 እና 3

ሁለተኛው ዓመቱን ተሳስተሃል አለኝ። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው፣ ከመጻፍህ በፊት አጣራ የሚል ነው። ሦስተኛው በአንድ መስመር ገላገለን፦ 1909 በእኛ፣ 1917 በፈረንጅ፣ ሁለታችሁም ትክክል። ይህ ሰው ከዚያ በኋላ አልጻፈም። እንደሱ ያለ አሥር ሰው ቢኖረን ይህ ክር ግማሽ ያህል ባጠረ።

መልስ 4

ይኸኛው እርማት ግን ተገቢ ነበር። ምኒልክ አደባባይ ያልኩት በመንግሥት መዝገብ «የሰኔ 27 ቀን 1977 አደባባይ» ነው፤ ጅቡቲ ከፈረንሳይ ነጻ የወጣችበት ዕለት፣ በፈረንጅ አቆጣጠር። አዎ፣ ሰሌዳው ላይ እንደዚያ ነው። አፍ ላይ ግን ዛሬም ምኒልክ ነው፤ ታክሲ ስትይዝ ያንን ሙሉ ቀን ከነዓመቱ የሚጠራ ሰው አላጋጠመኝም። ይህችን ነጥብ ያዙልኝ፤ በኋላ ጦርነት ታስነሳለች።

መልስ 5

የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ በድምፅ እያስጻፈ ይመስላል፣ ነጥብም ሰረዝም የለውም። 11 ዓመት ሙሉ በጋላፊ ድንበር በኩል ተሳቢ ይዞ ተመላልሷል። ከተማዋን ግን አያውቃትም። የሚያውቀው ፔካ ዱዝን ነው፤ ከከተማው መሐል 12 ኪሎ ሜትር ላይ ያለውን፣ መኪኖች ተራ የሚጠብቁበትን ሰፈር። ሌሊት ካቢኑ ውስጥ መተኛት ስለማይቻል ረዳቱ ከመኪናው ሥር ሸራ ያነጥፋል፣ እሱ ጎማው ላይ ውሃ እየደፋ ያቀዘቅዛል። ስለ ነጭ በረንዳና ስለ ባሕር ነፋስ ያወራሁት ሌላ አገር መስሎታል። ክፋት የለበትም አጻጻፉ፤ እኔን ግን አሳፈረኝ። የመክፈቻ ጽሑፌ ውስጥ ሾፌር የሚባል ሰው የለም፤ ደመወዜ ይከፈል የነበረው ግን እሱ በሚጎትተው ዕቃ ነበር።

መልስ 6

ይህችኛዋ ከተማዋን የምታውቃት ከጓዳ በኩል ነው። ሰባት ዓመት በሰው ቤት ሠርታለች። ላሆህ መጋገር የተማረችው እዚያ ነው፤ እንደ እንጀራ ባንድ ፊት የሚበስል፣ ዓይን የሚያወጣ፣ ግን ትንሽና ለስላሳ፣ ጠዋት በማርና በቅቤ የሚበላ። ስኩዴካሪስንም እንዲሁ፤ የበግ ሥጋና ሩዝ በአንድ ድስት፣ ሄልና ቅርንፉድ እየገባበት። ሄሉ ሲበዛ ሽማግሌዎቹ ይወዱታል፣ ልጆቹ ለቅመው ያወጡታል። የቧንቧው ውሃ ጨው ጨው ይል ስለነበር ሻይ በሱ ሲፈላ ስኳር አይሰማም ነበር አለች። ከኢትዮጵያ በኩል፣ ከአዲጋላ የተሳበው መስመር የደረሰው በፈረንጅ 2017 ነው፤ እሷ የወጣችው ከዚያ በፊት ነው።

ከዚያ ቀስ ብላ ወጋችኝ። ያደነቅኩትን የምሽት ከተማ አንድም ቀን አላየችውም፤ ዕረፍቷ ዓርብ ከሰዓት ብቻ ነበር። እሷ የምታውቀው ሌላ ነገር ነው፦ ከጎረቤት ያለች አንዲት የአፋር እናት ስትታመም በጨርቅ ቋጥራ ቴምር ታቀብላት ነበር፣ በቋንቋ ሳይግባቡ። ቤቱ ያለበትን ካርቲየ (ሰፈር) ቁጥር እንጂ የመንገዱን ስም አታውቅም። የተናቀው ከተማው ሳይሆን ከተማውን የሚያበስሉት ሰዎች ናቸው ማለቷ መሰለኝ፤ እሷ ግን እንዲህ አላለችም፣ የራሴን ነው የጨመርኩት።

መልስ 7

ዓሣ። ይህ ሰው የሚያወራው ስለ ዓሣ ብቻ ነው፤ እኔም ሳልጽፈው በመቅረቴ ተቀጥቻለሁ። የየመን ዓሣ ይባላል። ከጀርባው ተሰንጥቆ እንደ መጽሐፍ ይገለጣል፣ በርበሬ ይቀባል፣ በሸክላ ምድጃ ውስጥ ጠርዙ እስኪጠቁር ይጠበሳል። ሳህን የለም፤ ጋዜጣ ላይ ነው የሚወርደው። አጠገቡ እንደ ጠረጴዛ የሰፋ ትኩስ ቂጣ፣ ቀጥሎ ሙክባዛ፤ ቂጣ ከሙዝ ወይም ከማር ጋር ታሽቶ። ጣፋጩና በርበሬው አፍ ውስጥ ሲገናኙ የሚሆነውን ለመግለጽ ሦስት አንቀጽ ፈጅቶበታል። የመናውያኑ ከባሕሩ ማዶ በጀልባ እየመጡ የሰፈሩ ነጋዴዎች እንደሆኑ፣ ከተማዋ ስትቆረቆር ጀምሮ እንዳሉበት ጨምሯል። ስለ ሌላ ነገር አንድም ቃል የለውም። ከመልሶቹ ሁሉ የወደድኩት እሱን ነው።

መልስ 8

ድምፁ እዚህ ላይ ተለወጠ። ጫቱን እንደ በዓል አድርጌ ማቅረቤ ያናደደው ሰው ነው። የቤተሰብ ገቢ በየቀኑ በዚያ ጠረጴዛ ላይ እንደሚቀር፣ ከሰዓት በኋላ አገር ሙሉ በርጫ ላይ ተቀምጦ የሚያንቀላፋው በሙቀት ሳይሆን በጫት እንደሆነ፣ እኔም ለእንግድነቴ እንጂ ልጄ ቢሆን ጥሩንባውን እንደማላደንቅ ጻፈ። ወላጅ ነው መሰለኝ።

መልስ 9

የኔው ነው። ልክ ነህ አልኩት፣ ግማሽ። የቀን ፀጥታው ከጫቱ በፊትም ቢሆን የግድ ነው፤ ክረምት ላይ ካምሲን የሚባለው ትኩስ ነፋስ ሲነሳና ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ በ8 ሰዓት ፀሐይ ላይ የሚሠራ ሰው አሟሟቱን መምረጥ አለበት። ጫቱ ባዶውን ሰዓት አገኘና ገባበት እንጂ ሰዓቱን አልፈጠረውም። ጥሩንባውን ስላደነቅኩ ግን ይቅርታ ጠየቅኩ። ደግሞ ማን እንደሚያበቅለውና ማን እንደሚልከው ማስታወስ ነበረብን፤ አውራ ጣታችን ወደ ራሳችን ነው የሚዞረው።

መልስ 10 እስከ 15

የፈራሁት መጣ። አሥረኛው ምኒልክ የሚለውን ስም ይዞ ተነሳ፦ አደባባዩ በንጉሣችን ስም ከተጠራ፣ ውሃው ከእኛ ከሄደ፣ መብራቱ በፈረንጅ ከ2011 ጀምሮ ከእኛ ከሄደ፣ ከተማው የማን ነው የሚል ነው። 11ኛው ወዲያው ደረሰለት፤ ግን ለመቃወም። ጅቡቲ ሰንደቅ ዓላማ ያላት አገር እንጂ የኢትዮጵያ ጋራዥ አይደለችም፣ አደባባይ በጎረቤት ንጉሥ ስም መጠራቱ የባለቤትነት ካርታ ከሆነ አዲስ አበባም ቸርችል ጎዳናን ለእንግሊዝ ታስረክብ አለ። ይህች ቸርችል ሁላችንንም አሳቀችን። ከአሥረኛው በስተቀር።

12ኛው ሊያስታርቅ ገብቶ ታሪክ አመጣ፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በሚያዝያ 1928 በባቡር ወርደው፣ ኢንተርፕራይዝ በተባለች የእንግሊዝ መርከብ ወደ ስደት የተነሱት ከዚህችው ወደብ እንደሆነ። ማስታረቂያነቱ እስካሁን አልገባኝም። 13ኛው አሥረኛውን እስከዚያ ድረስ ሲጠራበት ከነበረው «እርስዎ» አውርዶ «አንተ» አለው፤ በእኛ ቋንቋ በር መወርወር ማለት ነው። 14ኛው ተሰርዟል። ሳይሰረዝ አይቼዋለሁ፣ ጉዳት የለውም ቢሰረዝ። 15ኛው የመድረኩ አስተባባሪ ናቸው፤ የባሕር በር ክርክር የራሱ ክፍል እንዳለው አስታውሰው፣ ጋሽ እገሌና ወንድም እገሌ እያሉ ሁለቱንም በስማቸው ለምነው አሰናበቱ።

መልስ 16

ይህን መልስ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ጅቡቲያዊት ናት፤ አዲስ አበባ ተምራለች፣ አማርኛዋ ከብዙዎቻችን ይጠራል። ስለ እሷ ከተማ እሷ በሌለችበት 15 ሰው ሲነታረክ ዝም ብላ ስታነብ እንደቆየች በመናገር ጀመረች፤ ያ ብቻውን በቂ ቅጣት ነበር።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። ያሳየሁት ከተማ ፈረንሳዮች ለራሳቸው የሠሩት ክፍል ነው። ቅስቶቹ፣ ነጩ ቀለም፣ ሁሉም የነሱ ሰፈር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1906 ከተሠራው የሃሙዲ መስጊድ አልፎ፣ ድሮ ራምቦ ይባል የነበረው ዛሬ ማሕሙድ ሐርቢ የተባለው አደባባይ ላይ ገበያው ውስጥ ሲገባ ነው የሕዝቡ ከተማ የሚጀምረው፤ ሰፈሮቹም ስም ሳይሆን ቁጥር ነው የተሰጣቸው፣ ካርቲየ 1፣ ካርቲየ 2 እየተባለ። (ስድስተኛዋ ሴት የመንገዱን ስም የማታውቀው ለካ ስላልነበረው ነው።) እ.ኤ.አ. በ1966 ቅኝ ገዢው ከገጠርና ከጎረቤት አገር የሚመጣውን ሰው ለመከልከል ከተማውን በሽቦ አጥር ከበበው። የተከለከሉት ከአጥሩ ውጭ በቆርቆሮና በጣውላ ቤት ሠሩ። ባልባላ የሚባለው እሱ ነው፤ አጥሩ ፈርሶ ባልባላ ቀረ፣ ዛሬ ከከተማው ሕዝብ ብዙው እዚያ ነው ያለው። የከተማዋን ጠባይ የምትፈልግ ከሆነ በረንዳ ሥር ሳይሆን እዚያ ፈልግ አለችኝ። ሶማልኛና አፋርኛ አንድ ግቢ ውስጥ የሚጣሉትና የሚጋቡት፣ ልጆች ጎማ እየነዱ በፈረንሳይኛ የሚሰዳደቡት እዚያ ነው።

ሦስት ዓመት ተኩል ኖሬ ባልባላን ያለፍኩት በመኪና ነው። ሾፌሩን «ከተማዋን በመስታወት ነው ያየሃት» ያለው ሰው የለም፤ ራሴ ግን እንደዚያው ነበርኩ።

የመጨረሻ አንቀጿ ቀለል ይላል። ለእሷ አዲስ አበባ በጋ ላይ ሹራብ የሚያስለብስ፣ ከ3 ሰዓት ማታ በኋላ የሚሞት ከተማ ነው። እንዴት ሰው በጊዜ ይተኛል ብላ ጠይቃለች። እስካሁን የመለሰላት የለም።

መልስ 17 እስከ 19

ክሩ ከመስመር ወጣ፤ ግን ደስ በሚል መንገድ። 17ኛው ሙቀት ሲነሳ የጅቡቲውን የማራቶን ሯጭ ሑሴን አሕመድ ሳላሕን አስታወሰ። በፈረንጅ 1985 ሂሮሺማ ላይ በተደረገው የማራቶን የዓለም ዋንጫ እሱ አንደኛ ወጣ፣ በቡድንም ጅቡቲ አሸነፈች፤ በ1988 ሴኡል ላይ ደግሞ ነሐስ አገኘ፤ ለአገሪቱ ብቸኛው የኦሊምፒክ ሜዳልያ ነው። 18ኛው የስፖርት ነገር ሲሆን ከመቃብር የሚነሳ ዓይነት ነው፦ በዚያው ዓመት ሚያዝያ ሮተርዳም ላይ የእኛው በላይነህ ዴንሳሞ 2:06:50 ሮጦ የዓለም ክብረ ወሰን ሲሰብር ሁለተኛ የገባው ይኸው ሳላሕ ነው፣ በ2:07:07፤ እሱም ራሱ የድሮውን ክብረ ወሰን አሻሽሎ። ሴኡል ላይ ግን እኛ ስላልሄድን አልተያዩም። 19ኛው በዚያ ወበቅ ማን ልምምድ ይሠራል ብሎ ጠየቀ፣ 17ኛው ሌሊት ይሆናላ ብሎ መለሰ፣ ከዚያ አሥር መስመር ሳቅ።

መልስ 20

ሳቁን አቆመው። ስለ ከተማ ጠባይ ስናወራ ከተማዋን አቋርጠው የሚሄዱትን አላየንም አለ። ከወሎ፣ ከሐረርጌ፣ ከትግራይ በእግር ተነስተው፣ አፍንጫቸው ደም እየደማ በአሳል ሐይቅ አካባቢ አልፈው፣ በጀልባ ወደ የመን ለመሻገር ባሕር ዳር ያለችው ኦቦክ የሚደርሱትን ልጆች። በእኛ አቆጣጠር በጥር 2011 እዚያው አካባቢ ጎዶሪያ ዳርቻ ሁለት ጀልባ ሰጥሞ ከ50 በላይ ሰው ሲሞት የአጎቱ ልጅ አንዱ ነበር። ከዚያ በላይ አልጻፈም። ከሥሩ ሰዎች ነፍስ ይማር እያሉ አለፉ፤ 16ኛዋም ተመልሳ በሶማልኛም በአማርኛም ጻፈችለት፤ የባሕር ዳር ሰዎች ውሃ ይዘው እንደሚወጡላቸው፣ ስማቸውን ሳያውቁ እንደሚቀብሯቸው።

መልስ 21 እና 22

የወዳጄ ልጅ ራሱ ነው፤ አባቱ አገናኙን ልኮለት። ጥያቄው አጭር ነው፦ ምን ይዤ ልሂድ? ይህን ጊዜ ሁሉም አዋቂ ሆነ። ቀጭን የጥጥ ሸሚዝ፣ የበርበሬ ላስቲክ፣ ጨው ያልነካው ትዕግሥት። ስድስተኛዋ ሴት ጥቅምት እስኪገባ እንዲቆይ መከረችው፤ ከዚያ እስከ ሚያዝያ ያለው አየር ደግ ነው። የድሬዋ ልጅ በባቡር ሂድና መንገድ ላይ እኛ ጋ እደር አለችው። አዲሱ ባቡር ናጋድ ላይ፣ ከከተማው ውጭ ነው የሚያወርድህ፣ የድሮው ጣቢያ መሐል ከተማ መሆኑ ቀረ ብሎ 22ኛው አስጠነቀቀ። ሁለቱ ስለ አዲሱና ስለ ድሮው ባቡር ሲከራከሩ ልጁ አመስግኖ ወጣ።

መልስ 23

ሾፌሩ ተመለሰ፤ አሁንም ያለ ነጥብ። ከትናንት ወዲያ ተራ ደርሶት ጭነቱን ሲጠብቅ መኪናውን ለረዳቱ ትቶ በሚኒባስ ከተማ ገባ። ምኒልክ አደባባይ አልደረሰም፣ ዓሣ ቤቱ በፊት ተገኘ። ፎቶ ለጥፏል፦ የተቀባ ጋዜጣ፣ መሐሉ ላይ ከነጭንቅላቱ የቀረ አከርካሪ፣ ዳር ላይ ሳይነካ የተተወ ሙክባዛ። ሙዝና ቂጣ አንድ ላይ ማን አሰበው ብሎ ተቆጥቷል፤ ዋጋውንም ወደ ብር መትቶ አዝኗል። ረዳቱ ብቻህን በላህ ብሎ አኩርፎታል። በሚቀጥለው ዙር እሱን ይዞት ይገባል፣ ሰባተኛው ሰውዬ የቤቱን አቅጣጫ ለረዳቱ በስልክ እንዲነግርለት ይለምናል፤ እሱ ራሱ በየት እንደገባ ጠፍቶበታል።